የቀሚሷ ቀለም

አቃቂ፣ ከድልድዩ ወዲያ፣ ባቡር ከተወው ሐዲድ ጎን፣
ሣር ከዋጠው ጣቢያ አጠገብ፣ ቆርቆሮው በዛገ ቤት፣
አርባዋ በወጣ ማግሥት
የእናታችንን ንብረት ልንካፈል ተቀመጥን።

ንብረትም አይባል እንጂ፦
ሁለት ጋቢ፣ አንድ ሣጥን፣
ጆሮው የጎደለ ድስት፣ የጡረታ ደብተሯ፣
ከሣጥኑ ግርጌ ደግሞ፣ በጋዜጣ ተጠቅልላ፣
መዳፍ እንኳ የማትሞላ
ጥቁርና ነጭ ፎቶ፤ ዳሯ
እንደ ቴምብር ጥርስ ያወጣ።

እናታችን ቆማለች።
ከኋላዋ ሸራ ላይ ሐይቅ፣ ከሐይቁ ዳር ዘንባባ፣
(አቃቂ ላይ ዘንባባ!)
ግራ እጇን ወንበር ላይ ጥላ፣ አንገቷን ቀለስ አድርጋ፤
ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ማናችንንም አልወለደች፣
ልትስቅ አስባ ተወች።

«ቀይ ነበረች ቀሚሷ» አለች ታላቃችን ዝናሽ፣
«ጫፏን ይዤ ገበያ ስሄድ፣ አቧራ የማያደበዝዛት፣
የበርበሬ ቀይ።»
«አረንጓዴ!» አለ ፈለቀ፣ «ስታረጅ ትራስ ሆና
ተኝቼባት አድጌያለሁ፤ ጉንጬ ያውቃታል ገና።»
እኔ የመጨረሻው ልጅ፣ ቀሚሷን ያልደረስኩባት፣
ዕድሜዬን ሁሉ በሰማያዊ ነው ያለበስኳት።
ለምን እንደሆነ እንጃ።

ሠላሳ ዓመት ሠርታለች፣ ጨርቃ ጨርቁ፣ ማቅለሚያ ክፍል።
ማታ በሩን ስትከፍት እጇ ቀድሟት ይገባል፤
ሰኞ ቢጫ፣ ረቡዕ ወይን ጠጅ፣
በአሸዋ ቢፈተግ፣ በሎሚ ቢታሽ የማይለቅ።
ስታጎርሰን ጣቷን አይተን «የዛሬውስ?» እንላታለን፣
እሷም የቀለሙን ስም እንደ ጎረቤት ስም ትነግረናለች።
አገር ያለበሰች በቀለም፣
ለራሷ የተረፋት ጥቁር፣ ነጭ፣ መሃሉ አመድ፣
ሌላ የለም።

ማጉያ አምጥቼ እጇን አየሁ።
የጣቶቿ ጫፍ ጠቁሯል።
ጥላ ይሁን፣ ቀለም ይሁን፣ ፎቶው ምን ቸግሮት ይናገራል?

ክርክሩ ሲመር፣ ፈለቀ ቃሊቲ ወስዶ ሰጣት፣
ኮምፒውተር ለሚሠራ ልጅ፤
«በሩብ ሰዓት ነፍስ ዘራሁባት»
ብሎ ላከልን በስልክ።
ከንፈሯ ቀልቷል። ሐይቁ የመዋኛ ገንዳ መስሏል።
ቀሚሷ ብርቱካናማ፤ ማናችንም ያላልነው።
ዝናሽ ስልኩን አርቃ አየች፣ አቅርባ አየች፣ መለሰችው፤
«ቆንጆ ናት። የማን ልጅ ነች?»

ያነሣት ሰው በሕይወት አለ፤ ጋሽ ደጉማ፣ ገላን፣ ከልጁ ጋር።
ዓይኑን ሞራ ጋርዶታል። ፎቶዋን ወደ መስኮቱ
ዘንበል አደረጋትና፣ በአውራ ጣቱ ዳበሳትና፣
ሳቀ።
«ይቺማ የኔ ቀሚስ ናት!
ከስቱዲዮዬ ሚስማር የማትወርድ፣
ለወፍራሟ ከጀርባ ተከፍታ፣
ለቀጭኗ በመርፌ ቁልፍ ተሰብስባ፣
ስንቷ የአቃቂ ሴት በእሷ ገብታ፣ በእሷ ወጥታ፣
ሽርጧን በሬ ላይ ሰቅላ፣ ከፈረቃ መልስ፣
ለአምስት ደቂቃ እመቤት ሆና…»

ቀዩ የገበያ መንገድ፣ አረንጓዴው ትራስ፣
አንድ ባንድ ከእጃችን ወደቀ።
«ቀለሟስ?» አለ ፈለቀ፣
ድምፁ የሕፃን ያህል ቀጥኖ።

ሽማግሌው ብዙ አሰበ።
«ቀለሟን እንጃ ልጆቼ። እኔ የማየው ብርሃን ነው።
ከጉም ጠቆር፣ ከአመድ ነጣ ትል ነበር፤ እሱን አልስትም።
እናታችሁ ግን…
እጅሽን ከወንበሩ ጀርባ ደብቂ፣ ቀለም ነክቶታል ብላት፣
‹ይታይ› አለች፣ ‹እንጀራዬ ነው›።
እሺ ብዬ አነሣሁ።»

የስልኳን ባለቀለም ሦስታችንም አጠፋናት።
ፎቶዋን ግን በየተራ፣ አራት አራት ወር፣ ተካፈልናት።
ዝናሽ ቤት ቀይ ናት፤
ፈለቀ ጋ ስትሆን አረንጓዴ፣ ያውም ጉንጭ የምታውቅ።
እኔ ዘንድ ትናንት ገባች።
መብራት ጠፍቷል ሰፈሩ፤ ሻማ አስጠግቼ አየኋት፣
መጀመሪያ እጇን፣
ከዚያ ቀሚሷን።

ሰማያዊ ናት።